ለማርታ ስል «የለም» ያልኩበት መስመር

እኛ ድሬዎች ዘንድ ዋስ መሆን ሻይ ከመጋበዝ ብዙም አይለይም። ጓደኛችሁ ቢሮ ድረስ ይመጣና «አቦ፣ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፊልኝ፣ አንድ ዋስ ጎድሎብኝ ነው» ይላችኋል። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ እናንተም ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ። ከዚያ ሁለታችሁም ትረሱታላችሁ። አልፈርምም ያለ ሰው ግን አይረሳም፤ ሰፈሩ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ «ያ ቋጣሪ» ሲባል ይኖራል። እኔ ቋጣሪ ላለመባል በሕይወቴ ለአራት ሰው ፈርሜያለሁ። የሦስቱ ያለ ጣጣ አልፏል። የማወጋችሁ ስለ አራተኛዋ ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ። ነገሩ ሲደርስ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ባሌን ከፈታሁ ቆይቼ ከእናቴ ጋር መጋላ ውስጥ በኪራይ እኖራለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል፣ ሙቀቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ማራገቢያ። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት አቧራ ስምግ ደረቴ ማፏጨት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ «ሥራ ቀይሪ» አለኝ። ከየት አባቴ አምጥቼ እንደምቀይር ግን አልነገረኝም።

ማርታም እዚያው ምድር ቤት ከእኔ ጋር ትሠራ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ የተቀጠርነውም በአንድ ቀን ነው። እናቴ «የክርስቲያኗ ልጄ» ትላታለች። ከባሌ ጋር የተለያየሁ ጊዜ ሁለት ወር የከረምኩት እሷ ቤት ነው። ባሏ ዳዊት አልጋውን ለቆልኝ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይተኛ ነበር። እንግዲህ ማርታ ለዳዊት ባጃጅ ለመግዛት ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ስትበደር «ዋስ ሁኚኝ» ብትለኝ ምን ልላት ኖሯል? ማሰብ እንኳ ነውር መስሎኝ ፈረምኩ።

ባጃጁ አንድ ዓመት ደህና ሠራ። ከዚያ ዳዊት ከዋሂል ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገለበጠ። እሱን አላህ አተረፈው፤ ባጃጁ ግን ጋራዥ እንደገባ ቀረ። የብድሩ ክፍያ ሦስት ወር ተዘለለ። ለማርታ ማስጠንቀቂያ ሲመጣላት ለእኔም «ዋስ እንደመሆንዎ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ክፍል እንደሚከፈት ተነገረን። ታሽገው የሚመጡና ሰው ሁሉ የማያያቸው ሰነዶች የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ከመዝገብ ቤት ሁለት ሰው ይፈለጋል፤ ደመወዙ የእኛን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ክፍሉ ደግሞ ኤር ኮንዲሽነር አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያጓጓኝ ከደመወዙ ይልቅ ኤር ኮንዲሽነሩ ነው። ለሰነዱ ተብሎ የገባ ቀዝቃዛ አየር ለእኔም ደረት ይተርፋል ብዬ ተመኘሁ።

ኃላፊያችን እኔንና ማርታን ጠርቶ አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠን። «ቦታው የእናንተ ነው፣ ሌላ ተወዳዳሪ የለም» አለን። «ግን ማጣሪያ አለው። ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ከማን ጋር እንደምትውሉ፣ ምን እንዳለባችሁ ያጣራሉ። እነሱ ካላሳለፏችሁ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ያን ቀን ከማርታ ጋር ከዚራ ወርደን ከዛፍ ጥላ ሥር ጭማቂ ጠጣን። የማን ጠረጴዛ መስኮቱ ጋር እንደሚሆን እስከመከራከር ደረስን።

ቅጹን በዚያው ሳምንት እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ መሙላት ጀመርኩ። የአያት ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የቀድሞ ባል ስም፤ ሁሉንም ጻፍኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፤ «በራስዎ ስም የተበደሩት ወይም ለሌላ ሰው ዋስ የሆኑበት ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ይግለጹ።» መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዋስ መሆን ደግሞ መቼ ነው ዕዳ የሆነው ብዬ። ሆኖም የተጠየቀ ነገር ነውና እርሳስ አንስቼ «አዎ፣ ለወይዘሮ ማርታ» ብዬ ስጀምር በሩ ተንኳኳ። ራሷ ማርታ ነበረች።

ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ ከጎኔ ቁጭ አለችና ወረቀቱን አየች።

«ጻፍሽው እንዴ?»

«በእርሳስ ነው። ምነው?»

«አቦ ሰዓዳ፣ አጥፊው በናትሽ።»

«ለምን?»

«እኔ አልጻፍኩትማ። ሦስት ወር ያልከፈልኩ መሆኔን ቢያውቁ ያሳልፉኛል? ዕዳ ያለበት ሰው ሰነድ ይሸጣል ነው የሚሉት። የእኔ ባዶ ሆኖ አንቺ ለእሷ ዋስ ነኝ ብለሽ ከጻፍሽ፣ እኔ ውሸታም ሆኜ ቁጭ አልኩ ማለት ነው።»

«ቢያጣሩስ?»

«ከየት አምጥተው? አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ያለች ብድር ማን ያያታል? ሁለት ወር ስጪኝ ነፍሴ፤ ዳዊት ሞተሩን ያሠራል፣ እከፍላለሁ፣ ያልቃል። ያኔ አልዋሸንም ማለት ነው።»

የመጨረሻው አባባሏ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ውሸት ወደፊት ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አደረገችው። እኔም አመንኩ፤ ወይም ማመን ፈለግሁ። ላጲሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። አጥፍቼ «የለም» ብዬ በእስክርቢቶ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ «ከላይ የሞላሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚል ነበረበት። እሱም ላይ ፈረምኩ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ማርታዬ፣ ምሳ ሳትበዪ እንዳትሄጂ» ስትል ሰማን፤ ሦስታችንም አብረን በላን።

ቅጹን አስገብተን አሥር ቀን ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ሰዎቹ መጡ ተባለ። ለሐሙስ ጠዋት ማርታ ተጠራች፣ ለእኔ ደግሞ ሰኞ ተያዘልኝ። ሐሙስ ምድር ቤት ሆኜ እስክትወርድ ጠበቅኳት። ሳትወርድ ቀረች። ጥበቃው በግቢው በር ወጥታ ባጃጅ ስትይዝ እንዳያት ነገረኝ። ስደውል አታነሳም። ማታ «አሞኝ ነው፣ ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ብቻ ላከችልኝ። ዓርብም ቀረች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርጄ አንድ ትልቅ ሀብሐብ ገዛሁና ሳቢያን፣ ቤቷ ሄድኩ። አልጋ ላይ አገኘኋት። ፊቷ እውነትም የታመመ ሰው ፊት ነበር። ዳዊት ሰላም ብሎኝ ወዲያው ወጣ። ሀብሐቡን ቆርጬ አቀረብኩላት፤ አንዲት ቁራጭ ይዛ ስታገላብጣት ቆየች።

«እንዴት ሆነልሽ ሐሙስ?» አልኳት።

«ደህና ነበር።»

«ምን ጠየቁሽ?»

«ያው ቅጹን ነው። ሰዓዳ፣ አሁን እሱን አታንሺብኝ፤ ራሴን እያመመኝ ነው።»

እኔ ደግሞ የመሰለኝ ሌላ ነው። በእኔ ሰኞ ፈርታ ነው የታመመችው አልኩ በሆዴ። ላጽናናት ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

«ስሚኝ» አልኳት። «በእኔ በኩል እንዳታስቢ። ወላሂ ቢሰቅሉኝ ያንቺን ነገር አፌ ላይ አላመጣም። የለም ብለናል፣ የለም ነው።»

ይህን ስላት ማልቀስ ጀመረች። እጄን ጭምቅ አደረገችው፤ ቀለበቴ ሥጋዬን እስኪወጋኝ። አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ከዚያ መልሳ ገጠመችው። እኔ ምስኪኗ እያመሰገነችኝ መስሎኝ ነበር። ግንባሯን ስሜ፣ የሀብሐቡን ልጣጭ ሰብስቤ፣ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ የስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ስልኬን አንዲት ልጅ ተቀበለችኝና ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችው። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰውዬ ነው፤ ሁለተኛዋ የምትጽፍ ሴት ነች። ከፊታቸው አንድ ሰማያዊ ማህደር አለ።

«ይቀመጡ ወይዘሮ ሰዓዳ» አለኝ ሰውዬው።

ድሬ ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የምንለው። እርስዎ የተባልኩ ቀን ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የፍቺዬን ጉዳይ ያየው ዳኛም እርስዎ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ። አባቴ መቼ እንደሞተ፣ ጅቡቲ ዘመድ እንዳለኝ፣ ለምን እንደተፋታሁ። ሁሉንም እንደወረደ ነገርኩት። ስለ ቀድሞ ባሌ ስነግረው የምትጽፈው ሴት እንኳ ፈገግ አለች። ዘና ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ሰውዬው ገጽ ገልጦ ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ የለም ብለዋል።»

«አዎ።»

«በራስዎም፣ በዋስትናም?»

«አዎ፣ የለም።»

አንድ ነገር ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጻፈም። መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገ።

«ሰው አንዳንዴ ይረሳል» አለኝ። «በተለይ ዋስትናን። እዚህ አገር ሰው ለሰው እንደሚፈርም እኔም አውቃለሁ፣ እናቴ የሐረር ሰው ነበረች። አሁን ትዝ ያለዎት ነገር ካለ እዚሁ እናስተካክለዋለን። ቅጣት የለውም።»

ቦርሳዬ ውስጥ ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስካሁን ታጥፎ አለ፤ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ቅዳሜ ለማርታ የማልኩት መሐላ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ትዝ የሚለኝ የለም» አልኩ።

ሰውዬው ብርጭቆ ውኃ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «አሥር ደቂቃ ይውጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጡ። አስበውበት ይመለሱ» አለኝ።

ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሥር ደቂቃ የረዘመብኝ ጊዜ የለም። ስልኬ ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ ለማርታ ደውዬ «ምን ላድርግ?» ልላት አልችልም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አዲሱ ክፍል ይታያል። በሩ ገርበብ ብሎ ቀዝቃዛው አየር እግሬ ድረስ ይመጣ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ሰውዬው ቅጣት የለውም ብሏል። ለእኔ የለውም ይሆናል፤ ለእሷስ? ሐሙስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ «የለም» ብላቸዋለች፤ እኔ ዛሬ «አለ» ብል በራሴ እጅ ጣልኳት ማለት ነው። ያቺ ሴት አልጋዋን አጋርታኛለች። እናቴ ልጄ ትላታለች። ያደግሁት ደግሞ ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠ ሰው ፊቱ በማይታይበት ሰፈር ነው። ኤር ኮንዲሽነሩም ደመወዙም ከፈለገ ይቅር አልኩ፤ ማርታን ግን በእኔ አፍ አይጥሏትም። ይህን ስወስን ፍርሃቴ ለቀቀኝ። እንደውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ሰውዬው ከመጠየቁ በፊት ዓይኔን በጨው አጥቤ «አስቤበታለሁ። ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም» አልኩት።

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው። ከዚያ ሰማያዊውን ማህደር ከፈተና ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው የብድር ማኅበሩ ደብዳቤ ነው፤ የእኔ ፊርማ ያለበት። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ ነበር። አብዛኛውን በመዳፉ ሸፍኖ አንዲት መስመር ብቻ አሳየኝ።

«ዋሴ የሥራ ባልደረባዬ ሰዓዳ ናት፤ ስለ ዕዳውም ስለ ውዝፉም ሙሉ በሙሉ ታውቃለች።»

ስሟን መሸፈኑ ለምን እንዳስፈለገው አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የፋይል ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን። የማርታን እጅ ጽሑፍ ከአንድ ሺህ መሐል አወጣዋለሁ። ግርጌው ላይ የሐሙስ ቀን ተጽፎበታል። የቅዳሜው ሀብሐብ መጣብኝ፤ እጄን የጨመቀችኝ፣ ከንፈሯን የገጠመችው። ሰማይ ተደፋብኝ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

«ዕዳው እኮ ችግር አልነበረም» አለኝ ሰውዬው፤ ድምፁ አሁንም ዝግ ያለ ነው። «ዕዳ ያለበትን ሁሉ ብንጥል እኔም እዚህ ባልተቀመጥኩ። ስለ ዕዳ የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ‹ያንቺን ጉድ አውቃለሁ፤ ዝም እንድል ከፈለግሽ ያቺን ወረቀት አምጪልኝ› ይልዎታል። እኛ የምናውቀው ዕዳ ከሆነ ሰውዬውን ስቀው ያባርሩታል። የደበቁት ከሆነ ግን በእጁ ነዎት። የዚህች ሴት ዕዳ ከእርስዎ ይበልጣል፤ ግን አሁን የተደበቀ የላትም። እርስዎ ሦስት ጊዜ ዕድል ተሰጥቶዎት ሦስቱንም ዋሹ።»

«ለእሷ ብዬ ነው» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ገብቶኛል» አለኝ። «ለጓደኛቸው ብለው የሚዋሹ ሰዎች ናቸው በጣም የሚያስቸግሩን።»

ከዚያ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ለሥራው ላልተፈቀደለት ሰው እንዳልናገር። ፈርሜ ወጣሁ። ቀጥታ ባጃጅ ይዤ ሳቢያን ወረድኩ።

ማርታ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች። ስታየኝ የያዘችው ቀሚስ ከእጇ ወደቀ። ምንም ሳልል ሁሉንም ፊቴ ላይ አነበበችው።

«ሐሙስ ነው አይደል የነገርሻቸው?» አልኳት።

«ሰዓዳ፣ የማኅበሩን ደብዳቤ አውጥተው ፊቴ ላይ አስቀመጡት። አስቀድመው አግኝተውታል። ምን ልበል? ‹አሁን እውነቱን ጻፊና እናያለን› አሉኝ። ጻፍኩ።»

«መጻፍሽን አይደለም የጠየቅኩሽ። ጻፊ፤ እኔም ብሆን እጽፍ ነበር። ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?»

የወደቀውን ቀሚስ አንስታ አቧራውን ማራገፍ ጀመረች።

«እዚህ አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ‹ያንቺን ነገር አፌ ላይ አላመጣም› ብዬ ምዬልሻለሁ። ‹ሰዓዳ፣ እኔ ተናግሬያለሁ፣ አንቺም ተናገሪ› ማለት ስንት ቃል ነው?»

«አስፈረሙኝ እኮ» አለች። እያለቀሰች ነው። «እዚያ የተባለውን ለማንም ብናገር ማጣሪያው ይሰረዛል አሉኝ። ስልኬን ያዳምጡ ይሆን፣ ሰው ልከውብኝ ይሆን፣ ምኑን አውቃለሁ? ሦስት ልጅ አለኝ ሰዓዳ። ባጃጁ ቆሟል። ይቺን ቦታ ካጣሁ ምን እበላለሁ?»

«ለማንም አትናገሪ ሲሉሽ፣ እኔ ማንም ነኝ?»

«አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩት» አለች በቀስታ። «ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ የሚቻል አይመስለኝም ነበር። እኔ አንድ ደቂቃ አልቻልኩም። እምላለሁ፣ እንደዚህ ትጸኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራ፣ ለእሷ ስል እስከ መጨረሻው እንደምቆም አላወቀችም ነበር። ወይም ደግሞ አውቃለች። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም። ዳዊት ከውስጥ ወጥቶ «ሰዓዳ፣ ግቢ እስቲ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለኝ። አልገባሁም።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የማርታ አለፈ። የእኔ ሁለት መስመር ነው፤ «በማጣሪያ ወቅት ሆን ብላ የተሳሳተ መረጃ የሰጠች በመሆኑ ለቦታው ብቁ አይደለችም።» ከግርጌው ግልባጭ ለመዝገብ ቤት ይላል። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማህደሬን ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ በስቼ አሰርኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ ምሳ ሰዓት ሙሉ ወሰደብኝ።

ለእናቴ እውነቱን ለመናገር አንድ ወር ፈጀብኝ። ስነግራት በማርታ እንደምታዝን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «አንቺስ ለምን ዋሸሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ማርታ የማወራው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ የጠየቀችኝ ግን ስለ እኔ ነው። ሰው ሲከዳችሁ የራሳችሁን ጥፋት መርሳት ቀላል ነው። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ስናደድ የነበረው በእሷ ላይ ነው፤ ላጲሱን ያነሳ እጅ ግን የእኔው ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ በማርታ ከተናደዳችሁ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ነገር ግን እሷ ስለመከረችኝ ብቻ ነው ያጠፋሁት አትበሉልኝ። ያ ሰውዬ ሦስት ጊዜ በር ከፍቶልኝ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጓደኛን መጠበቅና ለጓደኛ መዋሸት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። እንዲህ ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ይህን አልለዩልኝም።

ዋስ አትሁኑ አልላችሁም። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ ለአንድ የሰፈር ልጅ ፈርሜያለሁ። የፈረማችሁትን ግን ደብቁ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ እሱ ራሱ በሌላ ክፍል ምን እየተናገረ እንደሆነ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁም የራሳችሁን መስመር በራሳችሁ እውነት ሙሉት። አንድ ሰው ስለ እናንተ የሚያውቀውን ነገር እናንተ ቀድማችሁ ከተናገራችሁት ማንም በእሱ አይይዛችሁም።

ማርታ ብድሩን በአዲሱ ደመወዟ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍላ ጨረሰች። እስከዚያው በዋስነቴ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ የነበረውንም ሳትጎድል በፖስታ አድርጋ በዳዊት ላከችልኝ። በገንዘብ በኩል ምንም የለብኝም፣ ምንም የለባትም።

እኔ እስከ ዛሬ ምድር ቤት ነኝ። የታሸገ ፖስታ በመጣ ቁጥር ይዤ ሦስተኛ ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ደረቴ ያፏጫል፤ ትንሽ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ከበሩ ማለፍ አልችልም፤ ቁመቴን የሚያህል ብረት በር ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል አቀብላለሁ። ማርታ ተቀብላ የርክክቡ መዝገብ ላይ ትፈርምልኛለች። «ደህና አደርሽ?» ትለኛለች። «አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ፖስታውን ይዛ ትቆምና ልትናገር የፈለገች ይመስለኛል። ቀዝቃዛው አየር በመስኮቷ በኩል ፊቴ ላይ ይነፍስብኛል።

ባለፈው ሰሞን ኃላፊያችን፣ ነገሩን ሁሉ የሚያውቀው፣ «ለዚያ ክፍል ከማርታ የተሻለ ሰው አናገኝም ነበር፤ አንድ ቃል ከአፏ አይወጣም» አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ያን ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ ስምልላት አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። እሱ እንዳለው ለሥራው ትክክለኛዋ ሰው እሷ ናት፤ ይህን ስጽፍም ያመኛል።